ከአጥንቱ እስከ ብርኩማው

…መጋዙን ግን ወዲያው አላነሣኸውም። መጀመሪያ የተሰበረውን ቦታ በአውራ ጣትህ ጥፍር ዳሰስከው፤ ከዚያ ጊታሩን ጭንህ ላይ እንዳጋደምክ ወደ መስኮቱ ዞረህ ዝም አልክ። አውሮፕላን እያረፈ ነበር። ቦሌ የሚኖር ሰው ወሬውን ከመካከል አቋርጦ መጠበቅ፣ ድምፁ ሲያልፍ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠል ይለምዳል። አንተም ቀጠልክ። ምን ብለህ እንደ ቀጠልክ ግን ከጆሮዬ ጠፍቶ ቆይቶ ነበር። ትናንት ተመለሰልኝ።

ሙሌ፣ ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ አንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች አይጻጻፉም። አሁን ግን የምነግረው ሰው አስፈለገኝ። ሰምቶ የማይመልስ ቢሆን ይሻላል።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ፤ ብትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ጣሪያው በጓዳ በኩል አሁንም ያፈሳል፤ ባልዲው ቦታውን ስለሚያውቅ ማንም አያስብበትም። ግራጫ ኮትህን ፈትቼ ለሰብለ ጃኬት አደረግሁላት፤ ትከሻው ሰፍቷት ነበር፣ አጠበብኩት። በቀበሌው ሱቅ ስንት ናችሁ ሲሉኝ መጀመሪያ ሰሞን ሦስት እል ነበር። አሁን አልሳሳትም። እኔ ያው ስፌት ማኅበሩ ውስጥ ነኝ። ዘንድሮ የምንሰፋው ካኪ ብቻ ነው። ጠዋት የካኪ እጅጌ፣ ከሰዓት የካኪ ኮሌታ። ወዴት እንደሚሄድ አንጠያየቅም። የእትዬ በላይነሽ ልጅ ከዘመተ ወዲህ ሬዲዮናቸውን አጥፍተው አያውቁም፤ በግድግዳው በኩል እኛም እንሰማለን፣ ባንፈልግም። ከልጁ እስካሁን ምንም አልመጣም።

ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ጊታሩ ነው። አሁን ከፊቴ፣ የስፌት ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ዛሬ አልነካሁትም። እየጻፍኩ አየዋለሁ።

የወደቀበትን ቀን ሰብለ እንደ ተረት ነው የምታስታውሰው፤ ትንሽ ነበረች። ሰዓት እላፊ ከመጣ በኋላ ባንዳችሁ በሆቴሉ የሚጫወተው በሻይ ሰዓት ብቻ ነበር፤ አንተም ቀን የግምጃ ቤት ጸሐፊ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጊታር ተጫዋች። ያን ቀን ታክሲው ሞልቶ ጊታሩን ከነሽፋኑ ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ አሰርከው። ኦሎምፒያ ጋ ሲታጠፍ ገመዱ ለቀቀ። ቤት ስትገባ የጊታሩ ራስ በክሮቹ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ታረደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ሰብለ ስታለቅስ አንተ፣ “ዝም በይ፣ አንገቱን ነው እንጂ ድምፁን አልሰበረም” አልካት። እኔ አላመንኩህም ነበር።

ስብራቱ ከጊታሩ ራስ ግርጌ፣ ክሮቹ ከሚያርፉበት ከአጥንቱ ቁራጭ አጠገብ ነበር። እንጨቱ ተሰነጣጥቋል። በሙጫ ብቻ አይዝም፣ እስከ መጀመሪያው ፍሬት ድረስ ተቆርጦ ራሱ እንደገና መተከል አለበት አልክ። ፍሬት የምትላቸው በአንገቱ ላይ አግድም የተሰኩትን ቀጫጭን ብረቶች ነው፤ ጣት ከኋላቸው ሲጫን ክሩን የሚያሳጥሩትን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማውቀውን ነገርኩህ። ማሳጠር ካለብህ ከታች ነው፤ ሱሪ ከጠርዙ ይቆረጣል እንጂ ከወገቡ የሚቆርጥ እብድ የለም። ሳቅህን ለማቆም መጋዙን መሬት አስቀመጥክ። “እንኳንም ሐኪም አልሆንሽ፣ እመቤት፤ ይኼ እኮ ተገላቢጦሽ ነው!”

ከዚያ ጠመኔዬን ወስደህ፣ ለሽንት ቤት በር መጋረጃ ባስቀመጥኩት ጨርቅ ላይ ረጅም መስመር አሰመርክ። ላዩ ጫፍ አጥንቱ ነው። ታቹ ጫፍ ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት ነው፤ አንተ በክራር ስለ ጀመርክ እስከ መጨረሻው ብርኩማ እያልክ ነው የጠራኸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርዝመት የጊታሩ ዕድሜ ነው አልክ። ፍሬቶቹ በዘፈቀደ አይሰኩም፤ እያንዳንዱ ከቀረው ርዝመት ላይ እኩል ድርሻ እያነሣ ይሄዳል። የቀረው ሲያንስ ድርሻውም ያንሳል፤ ለዚህ ነው ወደ ሳጥኑ ሲጠጉ የሚጠጋጉት። የመጀመሪያው ባይኖር ለተቀሩት ምንም አይጎድልባቸውም፤ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል፣ ሕጉ ሳይነካ ይቀጥላል። ታቹን ግን በጣት ያህል ብታንቀሳቅሺው ሁሉም የቆጠሩት ከእሱ ስለሆነ ሁሉም አንድ ላይ ይዋሻሉ። ሠሪዎቹ ማንዶሊንን አጭር፣ ቤዝ ጊታሩን ረጅም አድርገው ይሠሩታል፤ ርዝመቱ እንደ ሠሪው ፈቃድ ነው፤ አንዴ ከተመረጠ በኋላ ግን ከታች በኩል አይነካም። ከላይ የተቆረጠ እውነቱን ይዞ ይኖራል አልክ።

ጨርቁን አላጠብኩትም። መጋረጃም አላደረግሁትም።

ጊታሩ አጥሮ ዳነ። ክሩ ስላጠረ በዚያው ድምፅ ሲቃኝ ላላ ይል ነበርና፣ የልጅ ጣት መጫን ቻለ። ሰብለ የተማረችው በዚያ ነው። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ያ ታክሲ ገመዱን ባይለቅ ልጃችን ሌላ ነገር ትሆን ነበር የሚለውን ነው። ይህን ሳስብ ደስም አይለኝም፣ አይከፋኝም። አስበዋለሁ ብቻ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ክሮቹን ያላላቸው የለም። በጋው ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ጥይት መሰለኝ። እንደ ሰዉ ሁሉ መሬት ተቀመጥኩ። ዝም ሲል ተነሥቼ ሳይ ብርኩማው ከሳጥኑ ተገንጥሎ፣ ክሮቹን ይዞ ዘሎ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ለማንም አልተናገርኩም። ፈርቼ መሬት መቀመጤን ማለቴ ነው።

ሰብለ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ወሰደችው። ጋሽ ወርቁን ታውቀዋለህ፤ የቀበሌያችን ኪነት መሪ፣ አኮርዲዮን የሚጫወተው። መልካም ሰው ነው፤ ልቅሶህም ላይ ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው። ኪነቱ ውስጥ ሌላ ጊታር የለም፤ ያንተን ሲያዩ ደስ አላቸው፣ ሰብለንም እዚያው ኪነቱ ውስጥ አስቀሯት። ጋሽ ወርቁ እጁን አልቆጠበም። በአንገቱ ላይ ለዓይን ምልክት የሚሆኑ ነጫጭ ነጥቦች አሉ አይደል፤ ጥንድ ነጥብ ያለበት ፍሬት የክሩ ግማሽ መሆኑን ማንም ጊታር የነካ ሰው ያውቃል። ከአጥንቱ እስከ ጥንዱ ነጥብ ለካ። በእጥፍ ወሰደው። እዚያ ላይ ብርኩማውን በሙጫ አጣበቀ። ሲደርቅ ክሮቹን መልሶ ሞከረው፤ ጥንዱ ነጥብ ላይ ሲጫን ክሩ ያንኑ ድምፅ አቅጥኖ፣ ልክክ አድርጎ መለሰለት። ረካ። ሳጥኑን በሙሉ ቀይ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ አዲስ አስመስሎ ሰጣት። እኔም አመስግኜ ዳቦ ላክሁለት።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ። ከራሱ አጠገብ ስትጫወት ደህና ነው። እጇ ወደ ሳጥኑ በሄደ ቁጥር ድምፁ ይኮመጥጣል፤ መጀመሪያ የነገረችኝም እሷው ናት። ክሩ አርጅቶ ነው ተባለ፤ ክር ከየት ይመጣል፣ ከድሬዳዋ በሰው በሰው አስመጣንላት። ያው ነው። ድምፃውያን ሴቶቹ፣ “ሰብሊ፣ ጊታርሽን ጉንፋን ይዞታል እንዴ? ዳማከሴ አሽቺው!” ይሏት ጀመር። እየሳቀች ትነግረኝ ነበር። ቆይታ መንገሩን ተወች። ጋሽ ወርቁ በመጨረሻ ለብቻዋ ጠርቶ፣ “ልጄ፣ ጆሮ እንደ ጥርስ ነው፤ ለሁሉም እኩል አይበቅልም። አባትሽ ሌላ ነበር” አላት። ክፋት የለበትም፤ ያመነውን ነው የነገራት።

ያን ቀን ምሳ እያበላኋት፣ “እማዬ፣ የአባዬ ጆሮ ለእኔ አልደረሰም አይደል?” አለችኝ። ወጡ ቀዝቅዟል፣ ብይ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ስታጥብ እንኳ አታንጎራጉርም። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው የእትዬ በላይነሽ ሬዲዮ ብቻ ሆነ።

አሁን ደግሞ ኪነቱ ወደ ሰሜን ሊሄድ ነው። ለሠራዊቱ ትርዒት ያሳያሉ፤ ከፋሲካ በፊት አይመለሱም። በሰብለ ፈንታ ከሌላ ቀበሌ ጊታር ያለው ልጅ ሊወስዱ አስበዋል። ይህን የሰማሁ ቀን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እፎይ አልኩ። እትዬ በላይነሽ በአጥሩ በኩል መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። “እልል በይ አንቺ! ሰው ልጁን ለማስቀረት የማይሳልለት ታቦት የለም፤ ለአንቺ እግዜር ድንጋይ ጆሮ ሰጥቶ አተረፈልሽ።” ሳቅን። ሁለታችንም አፋችንን በነጠላችን ይዘን ሳቅን። ሰብለ ውስጥ ነበረች።

ትናንት አቧራውን ላራግፍለት ጊታሩን ከተሰቀለበት አወረድኩት። ጨርቁን ትቼ በእጄ ዳሰስኩት፤ ጣት ይሻላል። ከብርኩማው በታች፣ ሁለት ጣት ያህል ርቆ፣ ከቫርኒሹ ሥር የሆነ ነገር ጣቴን ያዘኝ። ስስ ጠርዝ። ደግሜ ዳሰስኩት። ይህን ጠርዝ አውቀዋለሁ፤ የተለቀቀ ሱሪ ነው። ቀሚስም ሱሪም ለማስረዘም ስትለቅ የድሮው እጥፋት መስመር ስንት ጊዜ ቢተኮስ አይጠፋም፤ ዓይን ባያየው ጣት ያገኘዋል። ብርኩማው ድሮ የነበረው እዚያ ነው።

ያን ጊዜ ነው አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ያልከው የተመለሰልኝ። በተለመደው ድምፅህ፣ እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገርከው፦ “እንግዲህ ነጥቦቹን እንዳታምኚ፤ እነሱ የቆጠሩት በድሮው ራስ ነው። ግማሹ አሁን ከጥንዱ ነጥብ በአንድ ፍሬት አልፏል።” አንድ ፍሬት ተቆርጧልና። ነጥቦቹ ግን እንጨቱ ላይ የተቀበሩ ናቸው፤ የት ይሄዳሉ። ጋሽ ወርቁ የሚያውቀውን ደንብ በሚገባ ሠራበት፤ ደንቡ ልክ ነው፣ ነጥቡ ነው በድሮው ቆጠራ የቀረው። በልኩ የሠራ ሰው መሳሳቱን ማን ይጠረጥራል። ሁሉም የጠረጠረው ልጄን ነው።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጣሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሙሌ። ዝም ብል ሰብለ ቤት ትቀራለች። ጊታሩ ይሰቀላል፣ ልጁ ከሌላ ቀበሌ ይሄዳል፣ እኔ በካኪ መሐል ቁጭ ብዬ ልጄ የት እንዳለች አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ጆሮ የለኝም ብላ ታረጃለች። ሁለቱም አንድ ዝምታ ነው፤ አንዱን ወስጄ አንዱን መተው አልችልም። ያንተን ምክር አልጠየቅሁም። አንተ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ሟች ደግሞ ሁልጊዜ ደፋር ነው።

ግን አንድ ነገር አለ፤ ከትናንት ጀምሮ አላስተኛኝም። ሰብለ ገና አፏን የፈታች ሰሞን አንተ ሆን ብለህ አንዷን ድምፅ አጣመህ ትነካ ነበር። እሷ አልጋ ላይ ሆና፣ አሻንጉሊቷን ሳትለቅ፣ “አባዬ፣ እሱ ያማል!” ትልሃለች። ታስተካክላለህ። “አሁን ዳነ” ትላለች። አንተ ወደ እኔ ዞረህ ቅንድብህን ታነሣለህ። ስንት ጊዜ ሠራችሁት ያንን ጨዋታ።

ዓመት ሙሉ ያማል ስትል ነው የከረመችው። ከሁሉም በፊት የሰማችው እሷ ናት። የታመመው ግን አንቺ ነሽ ብለው አሳመኗት፤ እኔም ብይ አልኳት።

እሑድ ነው። ሰብለ ለቀበሌው የእሑድ ዘመቻ መንገድ ዳር ቦይ ልትጠርግ ወጥታለች። ከመድኃኔዓለም ቅዳሴው ወጥቶ ሰዉ በደጃችን እያለፈ ነው። ካውያውን ከሰል ጨምሬ አጋልኩት። ክሮቹን አውልቄ ብርኩማው ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጌ ደጋግሜ ተኮስኩት፤ የካኪ ኮሌታ እንደምተኩስ። ቫርኒሹ ገማ። ቆይቶ ሙጫው ለሰለሰ፤ የቅቤ ማውጫውን ቢላዋ ከሥሩ ሳስገባው ሳይከራከር ተነሣ። ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ከባድ ይሆናል ብዬ። አልከበደም።

በስፌት ሜትሬ ከአጥንቱ ጀምሬ ለካሁ። ጥንዱን ነጥብ አለፍኩት። የሚቀጥለው ፍሬት ላይ ቆምኩ። እጥፉን ወስጄ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ፀጉር ታህል ጨምሪበት ብለህ ነበር፤ ጣት ሲጫነው ክሩ ስለሚወጠር። ምልክቱ ያረፈው ያው የዳሰስኩት ጠርዝ ላይ ነው።  በቆርቆሮህ ውስጥ ደርቆ የቀረውን ሙጫ በሙቅ ውሃ አሟሟሁት፤ ሽታው ያው የድሮው ነው። አጣብቄ የቀዘቀዙ ሁለት ካውያዎች ጫንኩበት። ሰብለ ስትመለስ ምንድነው ብትል ተላቆ ነው እላለሁ ብዬ ነበር። አልጠየቀችም። ጊታሩን ማየት ትታለች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ክሮቹን ራሴ መለስኳቸው፤ መቃኘቱን ግን አልችልበትም። ከትምህርት ቤት ስትገባ ቃኚው፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አንገቱ ይጣመማል አልኳት። “ተይው፣ እማዬ፣ ይጣመም” አለች። ወስዳ ግን ገባች።

አሁን እየሰማሁ ነው የምጽፍልህ። በመካከላችን መጋረጃው ብቻ ነው፤ በክፍተቱ ጣቶቿ ይታዩኛል። እየቃኘች ነው፤ ወፍራሙን ክር፣ ቀጥሎ ያለውን። ቸኩላለች፤ ቶሎ ጨርሳ ልታስቀምጠው ነው። ከራሱ አጠገብ ትንሽ ነካች። ደህና ነው፤ እዚያ ሁልጊዜም ደህና ነበር። አንድ ፍሬት፣ ሁለት። እጇ ወደ ታች ወረደ። ቆመች።

አውሮፕላን እየመጣ ነው። እሷም እንዳንተ ትጠብቃለች።

አለፈ። ያንኑ ቦታ ደገመችው። ወደ ሳጥኑ ቀረበች። ጥንዱን ነጥብ አለፈች፣ አንድ ጨመረች። ጣቷን እዚያ ላይ አቆየችው።  ከዚያ ከላይ እስከ ታች በሙሉ፣ በቀስታ፣ እያንዳንዷን እየነካች ሄደች። ሰው ቤቱን ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲገባ ግድግዳውን እየዳበሰ እንደሚሄደው።

አልነገርኳትም። ጋሽ ወርቁንም አልነግረውም፤ ድንኳናችንን የተከለ ሰው ነው። አንተ የነገርከኝን ግን አልረሳም፤ በጠመኔ የተሰመረበትን ጨርቅ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፤ ቤቱ ዝም ባለ ቁጥር ድምፅህ ከአውሮፕላኑ በኋላ ሲቀጥል እሰማዋለሁ። ከላይ የተቆረጠ እውነቱን ይዞ ይኖራል ብለሃል። አንተ ከየትኛው በኩል እንደ ተቆረጥክብን እያሰብኩ ነው። ይህንንም ቀስ ብዬ እለካዋለሁ።

ወጣች። ያንተን ኮት፣ ጃኬቱን፣ ለብሳለች። ጊታሩን ከካኪ ትራፊ በሰፋሁላት ሽፋን አድርጋ በጀርባዋ አዝላዋለች። የኪነቱ ልምምድ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አውቃለሁ። ጠረጴዛውን አየች። ካውያዎቹን አየች። ጣቶቼን አየች፤ ጥፍሬ ሥር ቀይ ቫርኒሽ አለ። “እማዬ” አለች። 

አንገትሽን ሸፍኚ፣ ይበርዳል አልኳት።

በሩ ተዘጋ።